ባዶ እግሩን የከረመው ጦር

ፊላደልፊያ የምንኖር አበሾች ከአገር ቤት ዘመድ ሲመጣብን የት እንደምንወስደው የታወቀ ነው። መጀመሪያ የነጻነት ደወል፣ ማታ ባልቲሞር ጎዳና ላይ ክትፎ፣ በማግስቱ ጫማና ልብስ ለመግዛት ኪንግ ኦፍ ፕራሻ ሞል። እኔ ከሞሉ መልስ አንድ ቦታ እጨምራለሁ። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚርቀው። ቫሊ ፎርጅ ይባላል።

እዚያ ውጊያ አልተደረገም። ማንም ማንንም አላሸነፈም። ከታኅሣሥ 1777 እስከ ሰኔ 1778 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ አሜሪካ ከእንግሊዝ አገዛዝ ለመላቀቅ ስትዋጋ፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ጦር የከረመበት ሜዳ ነው። 12 ሺህ ያህል ወታደር ገባበት። ወደ 2 ሺህ የሚጠጋው በበሽታ አለቀ።

ጦሩ በ1775 ሲቋቋም ባሩዱም ልብሱም ጎደሎ ነበር። ብዙው ሰው የተቀጠረው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ፣ ቀኑ ሲሞላ ወደ እርሻው ይመለስ ነበር። በ1776 ኒውዮርክን ተነጠቀ። በዓመቱ መጨረሻ ደላዌር ወንዝን በሌሊት ተሻግሮ ትሬንተን ላይ ቀናው። በ1777 መስከረም ግን ብራንዲዋይን ላይ ተመታ፤ ፊላደልፊያም በእንግሊዞች እጅ ገባች። ዋሽንግተን የቀረውን ሰው ይዞ እዚህ ሰፈረ።

ወታደሮቹ የሠሩት ዓይነት የግንድ ጎጆ ዛሬም ተሠርቶ ይታያል። ገብታችሁ ቁሙበት። ስፋቱ አራት ሜትር በአምስት ሜትር ገደማ ነው። 12 ሰው ተደራራቢ አልጋ ላይ ተኝቶበታል። የሚበሉት ዱቄት በውሃ ለውሰው እሳት ላይ የጋገሩትን ነው፤ የእኛ ቂጣ ከዚያ ጋር ሲተያይ ድግስ ነው። ዋሽንግተን በታኅሣሥ 23 የአማፅያኑ መንግሥት ለነበረው ለኮንግረሱ በጻፈው ደብዳቤ 2,898 ሰው ባዶ እግሩንና እርቃኑን ስለሆነ ለግዳጅ አይበቃም ብሏል።

ይዣት የሄድኩት የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ፣ «እንዴ፣ ጋሼ፣ ያኔ እዚህ አገር እህል አልነበረም?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እህልማ ነበር። ፔንሲልቫኒያ የስንዴ አገር ናት። የጠፋው ጋሪ፣ መንገድና ኃላፊ ነው። የአቅርቦትና የማጓጓዣው ሹም ሥራውን ለቆ፣ ቦታው ለወራት የረባ ሰው አላገኘም። የኮንግረሱ ወረቀት ገንዘብ ደግሞ ዋጋው በየጊዜው ይወርድ ነበር። እንግሊዞች በወርቅና በብር ሲከፍሉ፣ ብዙ ገበሬ እህሉን ለእነሱ ሸጠ። በመጋቢት ጄኔራል ናትናኤል ግሪን በቦታው ሲሾም ነገሩ መስመር መያዝ ጀመረ። ከፕራሻ፣ ከዛሬዋ ጀርመን ወገን፣ የመጣው መኮንን ፎን ስቶይበን እንግሊዝኛ ሳይችል፣ በአስተርጓሚ ሰልፍና የሳንጃ ውጊያ አስተማራቸው። ብዙው ሰው የሞተውም በበረዶው ወራት ሳይሆን ብርዱ ሲለቅ፣ በተስቦና በተቅማጥ ነው።

የሚገርመኝ ይህን ሁሉ ሳይደብቁ መንገራቸው ነው። መንግሥታችን ወታደሩን አስርቧል ብለው ለልጆቻቸው ያስተምራሉ። ጉድለት የላቸውም ማለቴ አይደለም። አብረው የተራቡት ጥቁር ወታደሮች እዚያው ፓርክ ውስጥ ሐውልት የቆመላቸው በ1993 ነው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ። ግን ቆመላቸው።

በሐሳቤ ወደ አገሬ ስመለስ አድዋን አስባለሁ። የእኛ ጦር ቅኝ ሊገዛን የመጣውን የመከተ እንጂ እንደዚህኛው ከገዢው ለመላቀቅ የተነሳ አይደለም፤ ታሪኩ ይለያል። ረሃቡ ግን ይገናኛል። ክፉ ቀን ካለፈ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ዘማቹ በሶውንና ቆሎውን ይዞ በእግሩ ወራት ተጉዟል። ያ ሁሉ ሰው ትግራይ ውስጥ ሲከርም ስንቁ ሊያልቅ ደርሶ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬም ከተራበ ጎተራው ነው ያካፈለው። እኛ ስናወራ ግን ጋሻው፣ ጎራዴው፣ ፈረሱ ብቻ ነው። ከኛ ቤት የዘመተ አያት እንዳለ እየተነገረኝ አድጌያለሁ። የፈረስ ስሙን ሳይቀር አውቃለሁ። በሶውን የፈጨችለትን፣ ምናልባትም አብራው የዘመተችውን ሚስቱን ግን ማንም ስሟን አልነገረኝም። ይህ ያንገበግበኛል።

የካቲት 23 በደረሰ ቁጥር አስተማሪዎች ተማሪዎቻቸውን «ስንቁን ማን አዘጋጀ? በቅሎውን ማን ነዳ? የቆሰለውን ማን ተሸከመ?» የሚል ጥያቄ አስይዘው ወደ አያቶቻቸው ቢልኳቸው እወዳለሁ። በልጅነታቸው ከአድዋ ዘማች አፍ የሰሙ ሽማግሌዎች ዛሬም አልፎ አልፎ ይገኙ ይሆናል። ስልክ በብዙ ቤት አለ፤ ድምፃቸውን መቅዳት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።