እግረ ደረቅ

እኔ ስኪ፣ በረዶ ላይ መንሸራተት የሚሉትን፣ የጀመርኩት በረዶ ወድጄ አይደለም። ተባርሬ ነው። በእርግጥ ማንም "ውጣ" አላለኝም፣ ሐበሻ እንደሱ አይልም። ሐበሻ ሲያባርርህ "ስፖርት ለጤና ጥሩ ነው እኮ" ነው የሚልህ።

ነገሩ የሚጀምረው በፈረንጆቹ 2014፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን ነው። የምኖረው ኮሎራዶ ነው፣ ዴንቨር ጥግ ኦሮራ። ያኔ የከተማችን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ብሮንኮስ ለሱፐር ቦውል፣ ለዓመቱ የዋንጫ ጨዋታ፣ አልፎ ኒው ጀርሲ ላይ ከሲያትል ጋር ሊጫወት ነበር። ከተማው በሙሉ ብርቱካናማ ለብሷል። የኛም ሰው አብዷል። ሕጉን ያውቃል ወይ? አያውቅም። ወዳጄ ቤት ከተሰበሰብነው ሃያ ምናምን ሰዎች መሃል ሕጉን የሚያውቀው የወዳጄ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ብቻ ነበር፣ እሱም "አሁን ምን ሆነ? ለምን ቆመ?" ሲባል ሲባል መሮት ክፍሉን ቆልፎ ተቀመጠ።

ደግሞ ይሄ ጨዋታ ለኛ የተሠራ ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ኳሱ የምር የሚንቀሳቀሰው ግን 11 ደቂቃ ገደማ ነው። ሌላው ሁሉ መቆም፣ መማከርና ማስታወቂያ ነው። ስለ አርሰናል ለመጨቃጨቅ፣ ቡና ለማፍላት፣ የሌለ ሰው ለማማት እንደዚህ የተመቸ ስፖርት ከየት ይመጣል? የሌለ ሰው ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከለቅሶ የቀረ እንኳ "ሥራ ነበረኝ" ብሎ ይታለፋል። ከሱፐር ቦውል የቀረ ግን የተጣላው ሰው አለ ማለት ነው፣ ማን እንደሆነ እስኪታወቅ ቡናው ሦስተኛ ይደርሳል።

እኔ ታዲያ አልቀረሁም። ዘገየሁ። ከሰዓት በኋላ 4፡30 የተባለ ነገር 4፡30 ላይ የሚጀመርበት ብቸኛው የሐበሻ ድግስ ሱፐር ቦውል ነው፣ እሱም የሚያስጀምረው ፈረንጅ ስለሆነ። ሳምቡሳ የሞላ ትሪ ይዤ በሩን ከፈትኩ። "እንዴት ዋላችሁ" ብዬ፣ በአንድ እግሬ ቆሜ ጫማዬን ሳወልቅ ኳሱ በኛው መሪ ተጫዋች በፔይተን ማኒንግ ጆሮ ሥር ሽው ብሎ አለፈ። ሰውየው ለጓደኞቹ የሆነ ነገር ሊናገር ወደ ፊት እየተራመደ ነበር፣ አቀባዩ ግን "ልቀቅ" የተባለ መስሎት ወደ ኋላ ለቀቀው። ኳሱ የራሳችን ክልል ውስጥ ገብቶ ተንከባለለ። ሁለት ነጥብ ለሲያትል። ጨዋታው ከተጀመረ ገና 12 ሰኮንዱ ነው። በሱፐር ቦውል ታሪክ እንደዚያ ፈጥኖ የገባ ነጥብ የለም።

ቤቱ ጸጥ አለ። ዓይኑ ሁሉ ከቴሌቪዥኑ ተነሥቶ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሳምቡሳው ሄደ። ሳምቡሳው ላይ ትንሽ ቆየ።

ማንም ምንም አላለም። ተቀመጥኩ፣ በላሁ። እረፍት ሲሆን 22 ለ 0 ነው። ብሩኖ ማርስ ወጥቶ ሲዘፍን ከልጆቹ ጋር ጨፈርን፣ የሚያስጨፍር ነገር ባይኖርም። በዚህ መሃል አንዱ "መኪናህ መውጫ ዘግቷል" አለኝና ወጥቼ አንቀሳቅሼው ተመለስኩ። በሩን ስከፍት ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ፐርሲ ሃርቪን የሚባል የሲያትል ልጅ ኳሷን ተቀብሎ፣ 87 ያርድ ሙሉ ማንም ሳይነካው ሮጦ ገባ። ስንት ሰኮንድ? 12። ልብ በሉ፣ ይሄን እኔ አልፈጠርኩትም።

እዚህ ላይ እማማ ተናገሩ። እማማ የወዳጄ እናት ናቸው፣ ከደብረ ብርሃን ከመጡ ገና ስድስት ወራቸው ነው፣ ኳሱ ክብ ይሁን ሞላላ ግድ የላቸውም። ጀበናቸው ላይ እንዳቀረቀሩ "ይሄ ልጅ ሲገባ ነው" አሉ።

በቃ። ሃያ ምናምን ሰው፣ ነርሱ፣ ኢንጂነሩ፣ የአካውንቲንግ ምሩቁ፣ ሁሉም ተነፈሰ። ምክንያቱ ተገኘ። አቀባዩ አይደለም፣ የሲያትል ተከላካይም አይደለም። አገር ቤት እግሩ እርጥብ የሆነ ሰው አለ፣ ሲገባ ላሟ ትታለባለች፣ ሱቁ ገበያ ይደራለታል። እግረ ደረቅም አለ። እኔ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ የቱ እንደሆንኩ ሳላውቅ ኖሬ በሁለት 12 ሰኮንድ ታወቀልኝ። ጨዋታው 43 ለ 8 አለቀ። ስወጣ ሁሉም በጣም በጨዋነት ሸኙኝ፣ እስከ መኪናዬ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ማንም ምንም አላለኝም። የዕቁብ ዕጣ የሚወጣ ቀን ብቻ "ምን ያደክምሃል፣ ብሩን በሰው ላከው" ይሉኝ ጀመር።

2016 መጣ። ብሮንኮስ እንደገና አለፈ! አሁን ደግሞ ከካሮላይና ጋር፣ ካሊፎርኒያ ላይ፣ ፌብሩዋሪ 7። በዚያው ሰሞን እዚሁ ያደገ አንድ የሥራ ጓደኛዬ "ስኪ ሄደን ካላስተማርኩህ" ብሎ ያዘኝ። እሱ እንደሚለው ከዓመቱ ውስጥ ምርጡ የስኪ ቀን የሱፐር ቦውል እሁድ ነው። ሕዝቡ ቴሌቪዥን ፊት ስለሆነ ተራራው ባዶ ነው፣ ወደ ላይ ለሚያወጣው ሊፍት ሰልፍ የለም። እኔ መሄድ አልፈለግኩም። ግን ለወዳጄ ደወልኩለት፣ ለመለመን።

"አንዱ ልጅ እሁድ ስኪ ካልሄድን እያለ አስቸግሮኝ ነው፣ እኔ እንኳ..." አልኩ። "እኔ እንኳ" ተብሎ የሚቆመው ያኛው ወገን "በሞቴ! አፈር ስሆን!" እንዲል ቦታ ለመተው ነው። ይሄንን የማያውቅ ሐበሻ የለም።

"ሂድ!" አለኝ።

"ግን ጨዋታው..."

"ጨዋታ ምን አለው፣ ሁሌም አለ። ስፖርት ለጤና ጥሩ ነው እኮ። ኮሌስትሮል አለብኝ ስትል አልነበር?"

ከኋላው የእማማ ድምፅ ተሰማኝ። "ሄደልን?"

ሄድኩላቸው።

መቼም እኛና በረዶ የታወቀ ነው። አገር ቤት በረዶ ወረደ ማለት ማሳ ተመታ ማለት ነው። እዚህ ደግሞ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተን በአካፋ እየዛቅን የምንረግመው ነገር ነው። አሁን እሱ ላይ ለመውደቅ ትኬት ቆረጥኩ፣ ጫማ ተከራየሁ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት "ምን ጠፍቶህ ነው ተራራ የወጣኸው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጓደኛዬ ሊያበረታታኝ የሮቤል ተክለማርያምን ነገር አነሣብኝ። እውነትም ሮቤል አዲስ አበባ ተወልዶ 2006 ቱሪን ላይ፣ 2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ በስኪ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ነው። የሱ ስኪ ግን አገር አቋራጭ ነው፣ በሁለት እንጨት መሮጥ። ሩጫ ከሆነ ይገባናል። እኔን ያመጡኝ መውረድ ወደሚባለው ነው።

ጓደኛዬ "ከፍታው እንዳያዞርህ" አለኝ። ይሄኔ ኮራሁ። ዴንቨር አንድ ማይል ከፍ አልኩ ብላ ራሷን የምታሞግስ ከተማ ናት፣ 1,600 ሜትር ገደማ መሆኗ ነው፣ አዲስ አበባ ብትሰማ ትስቃለች። ደርሰን ሳየው ግን የዚህ ተራራ እግሩ ራሱ ከእንጦጦ አናት ይበልጣል። ኩራቴን ዋጥኩ።

ጫማው እግር ብረት ነው። ለመቆም ፍሬኑ "ፒዛ" ይባላል፣ የስኪዎቹን አፍንጫ ገጥመህ ኋላውን ከፈት ታደርጋለህ። ጓደኛዬ "ፒዛ! ፒዛ!" እያለ ከኋላዬ ይጮሃል፣ እኔ ደግሞ ቁርስ ሳልበላ ስለወጣሁ አሳቤ ሌላ ቦታ ነው። አራት ዓመት የማይሞላት ልጅ ዱላ እንኳ ሳትይዝ በጎኔ አልፋ "ይቅርታ" አለችኝ። ገፍታኝ አይደለም፣ አዝናልኝ ነው።

እውነት ለመናገር ከሰዓት በኋላ ደስ ይል ነበር። ሰዉ ጨዋታው እንዳያመልጠው እየተግተለተለ ወረደ፣ ተራራው ለኛ ቀረ። እዚህ ላይ ሒሳቡን ላስረዳችሁ። ሊፍቱ በፈረንጅ ሰዓት ከቀኑ 4 ሰዓት ይዘጋል፣ ጨዋታው 4፡30 ይጀምራል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ምንም ግጭት የለም። መሃል ላይ አይ-70 የሚባል፣ ከተራራው ወደ ዴንቨር የሚመልስ የተጨናነቀ መንገድ ባይኖር ኖሮ።

ሊፍቱ ሊዘጋ ሲል "አንዴ ብቻ፣ የመጨረሻ!" አልኩ። ጓደኛዬ ደነገጠ። ለካ ፈረንጆቹም የማይጠሩት ቃል አላቸው። ስኪ የሚያዘወትር ሰው "የመጨረሻ" አይልም፣ ሰው የሚሰበረው በመጨረሻው ነው ይላሉ። እነሱ ሲያምኑበት ስፖርት፣ እማማ ሲሉት ኋላ ቀርነት።

ወደቅኩ። ጉልበቴ ዞረ። እንደ ሬሳ ጠቅልለው በበረዶ መጎተቻ አወረዱኝ። በረዶ ላይ ወድቄ መጥቼ ጉልበቴ ላይ ያደረጉልኝ ሕክምና በረዶ ነው። የሚያክመኝ ሽማግሌ ሬዲዮ ከፍቷል። ጨዋታው ተጀምሯል። የኛው ቮን ሚለር የካሮላይናውን ካም ኒውተንን መትቶ ኳሷን አስጣለው፣ ሌላው የኛ ልጅ ጎል ክልላቸው ውስጥ ወደቀባት። ሽማግሌው ከደስታው ብዛት ዘለለ። ሲዘል ጉልበቴን እንደያዘ ነበር።

ከሰዓታት በኋላ አይ-70 ጭር ብሎ፣ መኪና የለ ሰው የለ፣ ጓደኛዬ ወዳጄ ቤት በር ላይ ጣለኝ። እያነከስኩ አንኳኳሁ። አራተኛው ክፍለ ጊዜ ነው፣ 16 ለ 10 እየመራን። በሩ በጣም በትንሹ ተከፈተ።

"ተራራ አልሄድክም እንዴ?"

"ተመለስኩ እኮ።"

"ምነው ቶሎ?"

"ኧረ እግሬን..."

"እግርህንማ እናውቀዋለን" አለኝ ወዳጄ። በሩን ዘጋው። ወዲያው ተመልሶ ወንበርና ጋቢ ይዞ ወጣ፣ በረንዳ ላይ አስቀመጠኝ፣ እጄ ላይ ትኩስ ዶሮ ወጥ የተጠቀለለበት እንጀራ አስያዘኝና ተመልሶ ገባ። ክፋት የለውም፣ ጋቢው የራሱ ነበር።

ብርድ ላይ ተቀምጬ እበላለሁ። ድንገት ቤቱ ፈነዳ። ቮን ሚለር ኳሷን እንደገና አስጣለ! ከዚያ ገባ፣ 24 ለ 10 ሆነ። በሩ ተበርግዶ ሃያ ምናምን ሰው እላዬ ላይ ወጣ፣ አቀፉኝ፣ ሳሙኝ፣ ጉልበቴን ረገጡኝ። ልግባ ስል እማማ ከውስጥ "ቆይ፣ መጀመሪያ ዋንጫውን ይቀበሉ" አሉ።

ማክሰኞ ዴንቨር መሃል ከተማ ሚሊዮን የሚሆን ሰው ወጥቶ ቡድኑን ተቀበለ። እኔ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ብቻዬን በቴሌቪዥን አየሁ። እንዲያ ሳይ ማንም አልተቃወመም፣ ጨዋታው አልቋል።

ከዚያ ወዲህ ይኸው ስኪ ጎበዝ ሆኛለሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር ትልቅ ጨዋታ ባለበት ሁሉ ስንቅ ይቋጠርልኛል፣ ድፎ ዳቦ፣ በፎይል የተጠቀለለ ጥብስ። አንዷ እንዲያውም የሱፍ ካልሲ ሠርታልኛለች። ባለፈው ነሐሴ አርሰናል የውድድር ዘመኑን ሊጀምር ሰሞን ወዳጄ ደወለልኝ።

"ቅዳሜ ተራራ አትወጣም?"

"ነሐሴ እኮ ነው" አልኩት። "በረዶ የለም።"

ትንሽ ዝም አለ። ከኋላው ሰዎች ሲማከሩ ይሰማኛል።

"ቢሆንም ውጣ" አለኝ። "አየሩ ይስማማሃል።"