ባዳውን ሳይሆን ጉዳቱን ፈልጉ

የመሬት መንቀጥቀጥ የስልክ ማማዎችን ከጣለ የነፍስ አድን ሠራተኞች በእጃቸው ባሉት መሣሪያዎች ብቻ መረብ ሊዘረጉ ይችላሉ። አንዱ የሌላውን መልእክት ተቀብሎ ያሻግራል። ማዕከል የለም፣ ተቆጣጣሪ የለም። ሁሉም ሁሉንም ያምናል፤ ጣጣው የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 በይፋ ሰነድ የወጣውን፣ ለእንዲህ ዓይነት መረብ የተሠራውን ኤኦዲቪ የተባለ የመንገድ መፈለጊያ ስልት እንይ። ላኪው «ወደ እገሌ መንገድ ያለው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከመልሱ ጋር ተከታታይ ቁጥር ይመጣል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ መንገዱ አዲስ ነው ተብሎ ይታመናል። አጥቂው ታዲያ ምንም መንገድ ሳይኖረው ቀድሞ ይመልሳል። ቁጥሩን ያጋንናል፤ «ተቀባዩ አጠገቤ ነው» ይላል። መልእክቱ ሁሉ ወደ እሱ ይጎርፋል፤ እሱም ዝም ብሎ ይጥለዋል። ባለሙያዎች ጥቁር ጉድጓድ ይሉታል። «ፍርስራሽ ሥር ሰው አለ» የሚለው መልእክት እዚያው ይቀራል።

ተመራማሪዎች መላ ፍለጋ ወደ ሰውነታችን የበሽታ መከላከያ ዞሩ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቷ ስቴፋኒ ፎረስትና ባልደረቦቿ ኮምፒውተር የራሱን ከባዳ እንዲለይ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት ስልት፣ ደረት ውስጥ ካለው ከታይመስ እጢ የተቀዳ ነው። እዚያ ቲ ሴል ከሚባሉት በሽታ ተከላካይ ሴሎች የራስን አካል የሚያጠቁት ይወገዳሉ፤ የቀሩት ባዳውን እንዲያሳድዱ ይለቀቃሉ። ድንቅ ሐሳብ ነው። ለተንቀሳቃሽ ኔትወርክ ግን ብቻውን አይበቃም ባይ ነኝ። እዚህ «የራስ» የሚባለው ነገር አይረጋም። ሰው ኮረብታ ሲዞር መንገድ ይቆረጣል። ባትሪ ሲያልቅ መልእክት ይጠፋል። እንግዳ ነገር ባየ ቁጥር የሚጮህ ጠባቂ ምንም ያላጠፋውን ሠራተኛ ከመስመር ያስወጣል።

በዚያው ዓመት የበሽታ መከላከያ ተመራማሪዋ ፖሊ ማትዚንገር ሌላ ነገር ተናገረች፦ ሰውነት የሚነቃው ባዳ ስላየ ሳይሆን ጉዳት ስለደረሰበት ነው። እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው። ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ላይ ተመራማሪዎቹ ሳራፊያኖቪችና ለ ቡዴክ ሐሳቡን ወደ ኔትወርክ አምጥተውታል፤ የአደጋው ምልክት ላኪው ልኮት ሳይደርስ የጠፋ መልእክት ነው። የተጋነነ ቁጥር ብቻውን ማንንም አያስወነጅልም። ቁጥሩ ተጋኖ፣ በዚያ መንገድ የሄደው ሁሉ ሳይደርስ ሲቀር፣ ሲግናሉም ጥሩ ከሆነ ግን ያኔ ያን መሣሪያ ከመረቡ መቁረጥ ነው።

ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ። በዚህ ዘርፍ የሚወጣው ውጤት አብዛኛው የኮምፒውተር ማስመሰያ ላይ የተገኘ ነው። መሣሪያዎቹን ሰዎች ይዘዋቸው ገደል ለገደል ይዙሩ፤ ባትሪውም ይለቅ። ከዚያ ስንት አጥቂ እንደተያዘ ብቻ ሳይሆን፣ ስንት ንጹሕ ሰው በስህተት እንደተቆረጠና ለስንት ደቂቃ እንደሆነም ይጻፍልን።