ኮች ቢሮ ገባ፣ ፊዚክሱን ማን ይያዝ?

ጉዳዩ እንዲህ ነው፦ ደሴ ላይ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የፊዚክስ መምህሩ፣ የኳስ ቡድኑም አሰልጣኝ የሆነው፣ ርዕሰ መምህር ተደርጎ ተመደበ። ደጋፊው የዱሮ ተማሪው ነው፣ አሁን እዛው ሂሳብ ያስተምራል። ተቃዋሚዋ 22 ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማሩ ናቸው።

ደጋፊ፦
ልክ ነው እንጂ! እኛ የለመድነው ርዕሰ መምህር እኮ በፈለግከው ቁጥር "ስብሰባ ሄዷል" የሚባል ሰው ነው። ኮች ግን ጠዋት 1:30 ከጦሳ ተራራ በሚወርደው ብርድ በር ላይ ቆሞ ያረፈደውን በስሙ ይጠራል፣ ማን ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ ፊቱን አይቶ ያውቃል፣ ውጤቱ የወረደ ልጅ ደግሞ አያሰልፍም፣ እኔን ራሱ 11ኛ ክፍል ሁለት ጨዋታ ቤንች ያስቀመጠኝ በፊዚክስ ነው፣ ፕሮጀክታይል የገባኝ እዛ ቤንች ላይ ነው ወላሂ። ፊሽካ ከነፋ ግቢው ጸጥ ይላል። ከዚህ በላይ ምን ሊደርሺፕ አለ?

ተቃዋሚ፦
ፊሽካማ እረኛም ያፏጫል ልጄ። ስንት ዓመት ያስተማረ መምህር በፊሽካ ይሰለፍልሃል? የድጎማ በጀቱ ሂሳብ፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረቱ (ወተመህ) ጭቅጭቅ፣ የሱፐርቫይዘሩ ቼክሊስት በፊሽካ ይዘጋል? ደግሞስ 12ኛን ማን ያዘው? የ2014ቱ ፈተና ላይ በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው፣ እኛ ደግሞ ያለንን አንድ ደህና ፊዚክስ አንስተን ማህተም አስያዝነው። ጎበዝ አራሽ ሲገኝ ሞፈሩን አስጥሎ ጭቃ ሹም ማድረግ አሉ!

ደጋፊ፦
እትየ፣ ከእረኛ ጋር ማወዳደርዎ ከበደኝ፣ እውነት። እኔ ያወራሁት ስለመታመን ነው። ታህሳስ 2014 ጦርነቱ ከከተማው እንደወጣ ግቢው ምን ይመስል እንደነበር ረሱት? ዴስኩ ተማግዶ፣ የላቦራቶሪው ቁምሳጥን ተገንጥሎ። ያኔ የነበረው ማኔጅመንት የተማረ ርዕሰ መምህር ገና አዲስ አበባ ነው፣ ኮች ግን በየቤታችን ዞሮ ሰበሰበን፣ እግር የሌለውን ዴስክ እግር ካለው እያጋጠምን ሚስማር ስንመታ ዋልን፣ የተረፈችዋን አንዲት ቢዩሬትም (ፈሳሽ የሚለካባት የብርጭቆ ቱቦ) በ7 ቁጥር ማሊያ ጠቅልሎ ቤቱ ወስዶ ያስቀመጣት እሱ ነው።

ተቃዋሚ፦
እኔስ የት የነበርኩ መስሎህ ነው? ስብርባሪውን ጠራርጌ ያፈስኩት እኔ ነኝ፣ አውራ ጣቴ ላይ ጠባሳው አለ፣ ብቻ ማሊያ ስላልለበስኩ ታሪኩ ውስጥ የለሁበትም። ቢዩሬቷን ካነሳሃት ደግሞ እሷ የኬሚስትሪ ናት! ዓመት ሙሉ ቲትሬሽን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ሳስተምር በማሊያ ተጠቅልላ ቁጭ ብላለች። ጥሩ አስተዳደር ይኸው። ወይስ እሷንም በፊሽካ ነው የምትጠራት?

ደጋፊ፦
ኧረ ፊሽካውን ይተውልኝ በቃ! ቢዩሬቷንም መልሷል፣ ላብ ውስጥ ናት። ነገሩን እናውጣው ከተባለ ኮች ሶስት ልጅ አለው፣ ጤፍ ስንት እንደገባ እርስዎም ያውቁታል፣ የመምህርነት እርከኑን ወጥቶ ወጥቶ አንድ ደረጃ ነው የቀረው፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ምን ሊያድግ ነው? ሰው ከደመወዙ ላይ ትንሽ ቢጨመርለት ምቀኝነት ምን ይሉታል?

ተቃዋሚ፦
ምቀኛ ተባልኩ፣ ይሁን። ያስተማርኩት ልጅ ነው ያለኝ። ከመጀመሪያው "ለልጆቹ ጉርስ ብሎ ነው" ብትል ኖሮ አንድ ቃል አልተነፍስም ነበር፣ የኔም እርከን እኮ እዛው ነው የቆመው፣ ማንም ነይ ግቢ ያለኝ የለም እንጂ። አሁን ላብ ውስጥ ናት ያልከኝ ላብ ተቆልፏል። ቁልፉ እሱ አንገት ላይ ነው፣ ከፊሽካው ጋር በአንድ ገመድ። ማክሰኞ ቢሮው ሄጄ ጸሐፊዋ ምን አለችኝ መሰለህ፣ ስብሰባ ሄዷል። ሐሙስ 3ኛ ፔሬድ ላብ አለኝ፣ ስልኬን አያነሳም፣ አንተ ብትደውል ያነሳልሃል።