የግድባችንን ደረጃ የለወጥነው እኛ ነን

ወገኖቼ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ከትንንሽ የአፈር ግድቦች ሥር የምትኖሩ፣ ውሃቸውን በበጋ ለሽንኩርት፣ ለቆስጣና ለጥቅል ጎመን የምትጠልፉ፣ ከግርጌያቸው ቦታ ገዝታችሁ ቤት የሠራችሁ ሁሉ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ይህን ተግሳጽ ስሙኝ። እኔም ከዚያው ውሃ የምጠቀም፣ በዚያው ሸለቆ የምኖር ነኝና የምናገረው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። የግድቡ ስጋት በተነሣ ቁጥር «ዝቅተኛ አደጋ ያለው ተብሎ ተመዝግቧል» የሚል መልስ ይሰጣል፤ ሰዉም በዚህ ተጽናንቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ይህ መጽናናት መሠረት የለውም።

ግድብ ሲመዘን የሚነሡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የግድቡ አካል በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ግድቡ አንድ ቀን ቢደረመስ ከታች ያለው ሰውና ንብረት ምን ይሆናል የሚል ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ የግድቦች መዝገብ ውስጥ ለመጀመሪያው ጥያቄ «አጥጋቢ»፣ «መካከለኛ»፣ «ደካማ» ወይም «አጥጋቢ ያልሆነ» የሚል መልስ ይሰጣል፤ ያልተመዘነ ካለም እንዳልተመዘነ ይጻፋል። ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ደግሞ «ዝቅተኛ»፣ «ጉልህ» ወይም «ከፍተኛ» የሚል ሲሆን፣ በመደርመሱ የሰው ሕይወት ይጠፋል ተብሎ የሚጠበቅ ከሆነ ግድቡ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን «ከፍተኛ» ከሚባለው በታች አይመደብም። እንግዲህ እኛ የምንጽናናበት መልስ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ነው። ግድቡ ጠንካራ ነው አላለንም፤ ስንጥቅ የለውም፣ ውሃ አያሰርግም አላለንም። ያለን ነገር ቢኖር፣ ምዝገባው በተካሄደበት ጊዜ ከግድቡ በታች ለሞት የሚጋለጥ ሰው አልነበረም የሚል ብቻ ነው።

ያኔ ከታች የጤፍ ማሳና የከብት መስክ ነበር። ዛሬ እዚያው መስክ ላይ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ተያይዟል፣ የኪራይ ቤት ተደርድሯል፣ ሕፃናት የሚውሉበት ግቢም አለ። ግድቡ ከቦታው ፈቀቅ አላለም፤ እኛ ግን አንድ መሐንዲስ ሳይመጣ፣ አንድ ወረቀት ሳይፈረም፣ በሠራናቸው ቤቶች ብዛት ደረጃውን ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ አሸጋግረነዋል። የውሃውን መውረጃ እያወቃችሁ «ደረቅ ቦታ ነው» ብላችሁ የሸጣችሁ ባለይዞታዎችና ደላሎች፣ ይህ በእናንተ ላይ የሚቆጠር ነው። በበጋ መጥታችሁ ያያችሁ፣ በሐምሌ ጎርፉ የት እንደሚያልፍ አንድ ሽማግሌ እንኳ ሳትጠይቁ የገዛችሁም ከወቀሳው አታመልጡም።

በሌላ አገር የሆነውን እንይ። በሐዋይ፣ በካዋይ ደሴት ላይ ካሎኮ የሚባል፣ በ1890 እ.ኤ.አ. ገደማ ለሸንኮራ አገዳ መስኖ የተሠራ የአፈር ግድብ ነበር። በመዝገብ ላይ ዝቅተኛ አደጋ ያለው ተብሎ ተመድቦ ነበር። መጋቢት 5 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ለሳምንታት ከዘለቀ ዝናብ በኋላ፣ ጎህ ሳይቀድ ተደረመሰና ከታች የነበሩ 7 ሰዎችን ይዞ ሄደ። ከአደጋው በኋላ የተካሄደው ምርመራ የግዛቲቱ መንግሥት ግድቡን ፈትሾት እንደማያውቅ አረጋገጠ፤ የጎርፍ ማስተንፈሻውም አስቀድሞ ተደፍኖ ሳይሆን እንደማይቀር አመለከተ።

ስለ ማስተንፈሻው ረዘም አድርጌ ልናገር፤ የከፋው ጥፋታችን እዚህ ላይ ነውና። የኮንክሪት ግድብ ውሃ በአናቱ ላይ ቢያልፍበት ሊቋቋም ይችላል፤ የአፈር ግድብ ግን አይችልም። ውሃው አናቱን ተሻግሮ በጀርባው መውረድ ከጀመረ አፈሩን ይቦረቡራል፣ የተቦረቦረው ቦይ ብዙ ውሃ ይስባል፣ ብዙው ውሃ ደግሞ ቦዩን መልሶ ያሰፋል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ግድቡ ከመሐሉ ተቆርጦ ያጠራቀመውን ሁሉ ይለቃል። በግድቡ ጎን፣ ከአናቱ ዝቅ ተደርጎ የተሠራው ማስተንፈሻ ይህ እንዳይሆን የተተወ መውጫ ነው። በማስተንፈሻው ወለልና በግድቡ አናት መካከል ያለው ከፍታም የባከነ ቦታ አይደለም፤ ለነሐሴ ጎርፍ የተያዘ ነው። እኛ ግን መስከረም ሲጠባ በጆንያና በማዳበሪያ ከረጢት አፈር እየሞላን ማስተንፈሻው ላይ እንደረድራለን፤ ውሃው ሁለት ክንድ ያህል ከፍ ቢል ለበጋው መጨረሻ ይተርፋል በሚል። እንደሚተርፍ አልክድም፤ ምድር በደረቀችበት ወር አንድ ጊዜ ውሃ ማጠጣት ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ከረጢቱን የደረደረው ሰው ሰኔ ላይ አያነሣውም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ረድፍ ይጨመርበታል፣ ሣር ይበቅልበታል፣ ከዚያም ከመጀመሪያው የግድቡ አካል የነበረ ይመስላል። አንዳንዱማ የማስተንፈሻውን መውረጃ አጥሮ ጎመን ተክሎበታል። ይህን ያደረጋችሁ ሁሉ ሽንኩርታችሁን የዘራችሁት በጎረቤቶቻችሁ ሕይወት ላይ ነው።

ሌላው አደጋ ከውስጥ የሚመጣው ነው። በአቃቂና በዱከም በኩል የምናውቀው ጥቁር አፈር በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በግድቡ ጀርባ ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ ሥሩን ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ ዛፉ ተቆርጦ ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ትቶ ይሄዳል። ፍልፈልና ጃርት ይቆፍራሉ። ከእነዚህ ሁሉ የባሰው ደግሞ የፓምፑን ቱቦ ለማሳለፍ የግድቡን አናት ቆርጦ፣ አፈሩን በአካፋ መልሶ፣ በእግሩ ረግጦ የሚሄደው ሰው ነው፤ ውሃ በደንብ ያልተጠቀጠቀ አፈር ባገኘበት ሁሉ ቱቦውን ተከትሎ ይሾልካል። በግርጌ የሚታይ ጥቂትና ጥርት ያለ ስርገት በብዙ የአፈር ግድቦች ላይ ያለ ነው፤ መጠኑ እንዳይጨምር እየተከታተሉ ማየት ያስፈልጋል። ውሃው ድፍርስ ሆኖ ከወጣ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው። ግንቦት 28 ቀን 1968 ዓ.ም. በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት የተደረመሰው የቲቶን ግድብ 93 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው፣ በመንግሥት መሐንዲሶች የተሠራ፣ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ እየሞላ የነበረ የአፈር ግድብ ነው። ጠዋት ድፍርስ ውሃ ሲወጣ ታየ፤ እኩለ ቀን ላይ ግድቡ ተበጠሰ። 11 ሰዎች ሞቱ፤ ከታች ለነበሩት ከተሞች አስቀድሞ ባይነገር ኖሮ ቁጥሩ እጅግ ይበዛ ነበር። እኛ ዘንድ ያን ጠዋት ማን ያያል? ቢያይስ ለማን ይደውላል?

«የእኛ ግድብ ትንሽ ነው» የምትሉኝ አላችሁ። ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚሰጡ በመሆናቸው የሚጠብቃቸው መሥሪያ ቤት አላቸው። ዓለም አቀፉ የትልልቅ ግድቦች ኮሚሽንም በመሠረቱ ትልቅ ብሎ የሚቆጥረው 15 ሜትርና ከዚያ በላይ ቁመት ያለውን ነው። የእኛው ከዚህ ሁሉ ውጭ ስለሆነ ከእኛ በቀር ተመልካች የለውም፤ ትንሽነቱ የበለጠ እንድንሠጋ የሚያደርገን ለዚህ ነው። በኬንያ፣ በናኩሩ አውራጃ በሶላይ ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ሌሊት የተደረመሰው የእርሻ ግድብ ነበር፤ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተውበታል። በሊቢያ የደርና ከተማን ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ያጠፉት ሁለት ግድቦች ጥገና እንደሚያስፈልጋቸው ባለሙያዎች ቀድመው ተናግረው ነበር፤ እኛ የዘመን መለወጫን በምንቀበልበት ዋዜማ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንበል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 የመስኖ ሥርዓቱን የማስተዳደርና የመጠገን ኃላፊነት ለማኅበሩ ሰጥቷል፤ ማኅበሩ ውሃ በተራ ከማካፈልና መዋጮ ከመሰብሰብ አልፎ ግድቡን ይጠብቅ። ግንቦት ሳያልቅ በማስተንፈሻው ላይ ያለው ከረጢት ሁሉ ይነሣ፤ መውረጃውን ያጠረም አጥሩን በራሱ እጅ ያፍርስ። በግድቡ ጀርባ የበቀለው የባሕር ዛፍ ችግኝ ሥሩ ሳይወፍር ይነቀል፤ የወፈረው ግን ባለሙያ ሳያየው አይቆረጥ። ለወረዳው በምንጽፈው ደብዳቤ የግድቡ አካል ሁኔታና ከታች የሚያደርሰው ጉዳት ለየብቻ ዳግም እንዲመዘን፣ የቤቶቹ ብዛትም በመዝገቡ እንዲገባ እንጠይቅ፤ ተመዝኖ የማያውቅ ከሆነም ይኸው በጽሑፍ ይሰጠን። ከሰኔ እስከ መስከረም በየዕለቱ ግርጌውን የሚያይ፣ ከስርገቱ በብርጭቆ ቀድቶ ጥራቱን የሚመለከት፣ ዝናቡ በከፋ ሌሊትም የሚያድር ተረኛ ይመደብ። ከግርጌ ያሉት አባወራዎች ስልክ በእጁ ይሁን፤ ድፍርስ ውሃ ባየ ጊዜም የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ሰዉን ወደ ከፍታው ያስወጣ። ውሃውን ለመቀነስ የመልቀቂያው በር ሲከፈት ውሃው በድንገት ሲጎድል የውስጠኛው ተዳፋት ሊናድ ስለሚችል፣ በምን ያህል ፍጥነት መልቀቅ እንደሚገባ ባለሙያው ዛሬውኑ ለተረኞቹ ያሳይ። የበሩ ቁልፍም እስካሁን እንደነበረው በላይኛው ማሳ ባለቤት ኪስ ብቻ አይቀመጥ፤ ሁለተኛው ቁልፍ ከግድቡ በታች ከሚያድሩት ለአንዱ ይሰጥ።