ማስተካከያ፦ ቶሌና ጋዋ ቃንቃ

ትናንት ስለ ተወለድኩበት ወለጋ ስጽፍ፣ የቶሌ ነዋሪዎች ለስብሰባ ተብለው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ እንደተገደሉ ገልጬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ሁለት ግድያ አደባልቄያለሁ። የትምህርት ቤቱ ግቢ ጥቃት የደረሰው ጥቅምት 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ጉሊሶ ወረዳ፣ ጋዋ ቃንቃ ነው፤ አምነስቲ ቢያንስ 54 ሰዎች መገደላቸውን ዘግቧል። ቶሌ ግን ጊምቢ ወረዳ ነው፤ እዚያ ሲቪሎች ያለቁት ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ነበር። ሁለቱም ምዕራብ ወለጋ።

ያረሙኝ እዚህ ጅማ፣ ሂርማታ የሚኖሩ የጊምቢ እናት ናቸው። የያዙትን ስኒ ረከቦቱ ላይ አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ አንዱን ሐዘን ከሌላው ጋር አትደርበው፤ ለየብቻው ነው ያለቀስነው» አሉኝ። ምን እላለሁ? የቀደመውን ጽሑፍ ያጋራችሁ ይህንንም አያይዙልኝ።