በገዛ ኮምፒውተሬ ላይ አዛዡ ማን ነው?
ደብረ ብርሃን ባለችኝ የጽሕፈት ቤት፣ በጠዋቱ ውርጭ ከገጠር ለመጡ አባት የማመልከቻቸውን የመጨረሻ መስመር እየጻፍኩ ሳለ፣ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም፣ ዊንዶውስ፣ ፈቃዴን ሳይጠይቅ ማሽኑን አጥፍቶ «በማዘመን ላይ» የሚል ገጽ ደቀነብኝ። እርሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቁ፤ ለወር የገዛሁት የኢንተርኔት ጥቅልም በዚያው አለቀ። ይህ ሳያንስ፣ ያለ እንከን የሚሠራውን ማሽኔን «ለአዲሱ ሥሪት አይበቃም» እያለ ሌላ እንድገዛ ይወተውተኝ ነበር። በገንዘቤ በገዛሁት ዕቃ ላይ ሌላ ሰው ማዘዙ እጅግ ያንገበግበኛል! ስለዚህ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረውን፣ ማንም በነፃ ሊጭነውና ሊያሻሽለው የሚችለውን ሊኑክስ የተባለ ተመሳሳይ ዋና ፕሮግራም በዊንዶውስ ምትክ ጫንኩ። የአማርኛ አጻጻፉንና አታሚውን ለማስተካከል ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ አሁን ግን ማዘመኛውን የምጭነው ማታ ቤቱን ከዘጋሁ በኋላ፣ እኔ ስፈቅድ ብቻ ነው።