መኪና ተደግፈው የሚመክሩን

ደመወዜ እቤቴ የሚመጣው እንደ ሩቅ ዘመድ ነው። ሲመጣ ሁላችንም ደስ ይለናል። ገና ሳይቀመጥ ግን «በሉ እንግዲህ ልሂድ» ይላል። ብንለምነው፣ ብንይዘው፣ በሩ ላይ ብንቆምበት አይሰማም። የት እንደሚሄድም አይናገርም።

አንድ ማታ ባለቤቴ «ያለፈው ወር ገንዘብ የት ገባ?» አለችኝ።

«ወጪ ነዋ!» አልኩ በሙሉ ልብ።

«የምን ወጪ?»

«ልዩ ልዩ ነው።»

ዝም ብላ አየችኝ። እሷ ዝም ብላ ካየች ጉዳዩ ገና አልተዘጋም።

ስለዚህ ስልኬን አነሳሁና «ገንዘብን እንዴት ማስተዳደር ይቻላል» ብዬ ጻፍኩ። ጥፋቴ መጠየቄ አይደለም፤ ስልኩ እየሰማ መጠየቄ ነው። ከዚያች ማታ ጀምሮ ድሃ ግን ምኞተኛ ብሎ መዝግቦኛል። እውነት ለመናገር አልተሳሳተም። ግን እንዲህ በየሰዓቱ ማስታወስ ምን ይሉታል?

መጀመሪያ ያመጣልኝ አንድ ልጅ ነው። ልጅ ስል፣ ጫማዬ በዕድሜ ሳይበልጠው አይቀርም። የሚያብረቀርቅ መኪና ተደግፎ ቆሟል። «ሀብታሞች የማይነግሯችሁ 7 ምስጢሮች» ይላል። ሀብታሞቹ የማይናገሩ ከሆነ ለእሱ ማን ነገረው? እሱ ራሱ ሀብታም ከሆነስ ለምን ይነግረናል? ይህን ያሰብኩት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት እስክሪብቶ ፍለጋ ላይ ነበርኩ።

ሦስት ወር ተከታተልኩት። አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ጀመር። ልጁ መኪናው ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ይደገፈዋል፣ ይዳብሰዋል፣ ቁልፍ ጣቱ ላይ ያሽከረክራል፤ በሩን አይከፍትም። የራሱ ከሆነ ምናለ ቢቀመጥ? እግሩን አያመውም? ሰባተኛው ምስጢር ላይ ስንደርስ «ይሄኛው ኮርሴ ውስጥ ነው» አለ። ኮርሱ በገንዘብ ነው። የሀብቱ ምስጢር ያኔ ገባኝ። የሀብት ምስጢር የሚል ኮርስ መሸጥ ነው።

ሁለተኛዋ መካሪ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የማይነሳ ሰው አያልፍለትም አለች። ተነሳሁ። በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ግድግዳ አየሁ። በዚያ ሰዓት የሚገዛም የሚሸጥም የለም። ገንዘብም ተኝቷል። አራት ቀን ሞከርኩ። በአምስተኛው ቀን ስብሰባ ላይ አንኮራፋሁ።

ሦስተኛው ደህና ሰው ነበር። ረጋ ያለ፣ ምንም የማይደገፍ። 40 ደቂቃ ሙሉ ስለ ፎር ኦ ዋን ኬይ እና ስለ ሮት አይ አር ኤ አስረዳኝ። ጥቅምና ጉዳታቸውን አመዛዘንኩ። ሮት ይሻለኛል ብዬ ወሰንኩ። ለባለቤቴ ላበስር ስነሳ ነው ሁለቱም የአሜሪካ የጡረታ ሂሳቦች መሆናቸው ትዝ ያለኝ። እኔ አንዳቸውም የሉኝም፤ ሊኖሩኝም አይችሉም። ሰውዬው አልዋሸም። ወለድ የትም አገር አንድ ዓይነት ይሰላል፤ ግብርና ጡረታ ግን አገር አላቸው። ይህን ለማወቅ 40 ደቂቃ ብዙ ነው።

ከዚያ ወደ አፕ ዞርኩ። ወጪ የሚመዘግቡ አራት አፖች ጫንኩ። አንደኛው ገና ሳይከፈት «የስልክ ማውጫህን ልይ» አለኝ። የእኔን ወጪ ለመደመር የአክስቴ ስልክ ቁጥር ምን ያደርግለታል? ሌላው የት እንዳለሁ ካላወቀ አልሠራም አለ። ለሁለት ወር አራቱንም ስመግብ ቆየሁ። በመጨረሻ አንደኛው አንድ ቁም ነገር ነገረኝ። በየወሩ ሳላስተውለው የሚቆረጥብኝ ገንዘብ አለ። የት ነው የሚሄደው? ለአራቱ አፖች ክፍያ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትንም ጠየቅሁ። «ቁጠባ ልጀምር?» አልኩት። «በጣም ብልህ ሐሳብ ነው!» አለኝ። «ወይስ መጀመሪያ ዕዳዬን ልክፈል?» አልኩ። «ግሩም ጥያቄ ነው፤ ይህም ትክክል ነው!» አለ። «ወይስ ሁሉንም ትቼ ልዝናናበት?» አልኩ። «ለራስ እረፍት መስጠት ተገቢ ነው» አለኝ። እናቴ እንኳ እንዲህ አቆላምጣኝ አታውቅም። የሚያስፈራው፣ ሲሳሳትም ሲያርምም ድምፀቱ ያው ነው። ሰው ቢዋሽ ቢያንስ ዓይኑን ይሰብራል።

አሁን ወደ ታናሽ እህቴ ባል ልምጣ። አንድ ቀን ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ አንድ ግሩፕ ውስጥ ላስገባህ» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። እዚያ ግሩፕ ውስጥ 8 ሺህ ሰው አለ። 8 ሺህ ሰው የሚያውቀውን ነገር ማንሾካሾክ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም።

«ትርፉ ስንት ነው?»

«አይጋነንም ጋሼ። በቀን 1 በመቶ ብቻ ነው።»

«ብቻ» የምትለው ቃል ናት ያስጠረጠረችኝ። ካልኩሌተር አወጣሁ። 100 አስገብተህ በቀን 1 በመቶ ቢጨመርበት፣ ትርፉም ትርፍ ቢወልድ፣ በዓመቱ 3,778 ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ከ142 ሺህ ያልፋል። በሦስተኛው ከ5 ሚሊዮን። በዐሥረኛው ዓመት በዓለም ላይ ያለው ሀብት ተሰብስቦ አይከፍለውም። እንግዲህ የእህቴ ባል ዓለምን ጠቅልሎ ሊገዛ ዐሥር ዓመት ቀርቶታል። እኔ ደግሞ ልጁ ክርስትና ላይ ስጦታ ረስቼበታለሁ።

«ፖንዚ የሚባል ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«በየትኛው ግሩፕ ነው ያለው?»

ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ውስጥ ቻርልስ ፖንዚ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ አለ። ዓለም አቀፍ የፖስታ መልስ ኩፖን (ፖስታ ቤት በቴምብር የሚለወጥ ወረቀት) አንዱ አገር በርካሽ ገዝቼ ሌላው አገር በውድ እመነዝራለሁ ነበር ያለው። ሰው ተሰልፎ አስረከበው። ኋላ ሲሰላ፣ ለዚያ ሁሉ ገንዘብ 160 ሚሊዮን ያህል ኩፖን ያስፈልግ ነበር። በዓለም ይዘዋወር የነበረው ግን 27 ሺህ ገደማ ነው። ለቀደሙት የሚከፍለው ከኋላ ከመጡት በተቀበለው ነበር። ወራት ብቻ ቆይቶ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሁሉም ነገር ተናደ። በቀን ስናሰላው የፖንዚ ተስፋ 0.9 በመቶ ገደማ ነው። የእህቴ ባል ግሩፕ ከፖንዚም ደፍሯል።

«እሱ ድሮ ነው ጋሼ። ይሄ ቴክኖሎጂ ነው» አለኝ። «ደግሞ ስንት ታዋቂ ሰው አስተዋውቆታል!»

ታዋቂ ሰው። ኪም ካርዳሺያን አንድ የክሪፕቶ ገንዘብ (በኢንተርኔት ላይ ብቻ ያለ ገንዘብ) በገጿ ላይ አስተዋውቃ ነበርና እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ጠየቃት። ጥያቄው ለማስተዋወቂያው 250 ሺህ ዶላር መቀበሏን ለምን አልተናገረችም የሚል ነው። ጥፋቱን ሳታምንም ሳትክድም 1.26 ሚሊዮን ዶላር ልትከፍል ተስማማች። እኔ ግን እዚያ ታሪክ ላይ ያሳዘነኝ ሌላ ነው። እኛ ለእህቴ ባል ግሩፕ በነፃ ነው የምናስተዋውቀው።

የእህቴ ባል ግሩፑ ውስጥ ገንዘብ አስገባ። ጠዋት ጠዋት ስልኩን ከፍቶ የሚያድገውን ቁጥር ያያል፤ ማታ ለእህቴ ያሳያታል። አንድ ጊዜ ትንሽ ሊያወጣ ጠየቀ፤ እውነትም ሰጡት። «አየህ?» አለኝ። አየሁ። ዓሣም ትሉን ሲውጥ መጀመሪያ ይጣፍጠዋል። ያወጣትን መልሶ፣ ሌላ ጨምሮ አስገባ። ሁሉንም ላውጣ ያለ ቀን «በቅድሚያ የግብር ይክፈሉ» አሉት። ከፈለ። ከዚያ «የማረጋገጫ» አሉት። ከዚያ ግሩፑ ስሙን ቀየረ። ከዚያ እሱን አስወጣው። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ቢያንስ ላሚቱ ትታይ ነበር።

እዚህ ላይ የምወደውን ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ያው የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ራሱ የውሸት ድረ ገጽ ከፈተ። ሃዊኮይን የሚባል የክሪፕቶ ገንዘብ ፈጠረ። ለጉዞ የሚሆን፣ ትርፉ የማይቀር፣ ታዋቂ ሰዎች የሚያደንቁት፣ ቶሎ ለገዛ ቅናሽ ያለው። አንድም ነገር አልጎደለውም። ተስገብግቦ «ግዛ» የሚለውን የነካ ሰው ወዲያው ተቆጣጣሪው ስለ ማጭበርበር የሚያስተምርበት ገጽ ላይ ያርፋል። አስቡት፤ ትምህርቱን በጨዋ ደንብ ቢያወጡት የሚያነብ ስላጡ እኮ ነው ወጥመድ ያጠመዱት። እኔ ብሆን ገንዘቤን ለምን አልተቀበላችሁኝም ብዬ አቤቱታ አስገባ ነበር።

በመጨረሻ የእህቴን ባል ይዤ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። አክስቴ ጡረታ የወጣች የሂሳብ ሠራተኛ ናት። መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ተቀበለችው። ስለ ትርፉ አልጠየቀችም።

«እነዚህ ሰዎች ፈቃድ የሰጣቸው ማነው?» አለች።

«ሰርተፍኬት አላቸው እኮ። ሊንኩንም ልከውልኛል» አለ።

«እነሱ በላኩልህ ሊንክ ገብተህ ከሆነማ ስለ ሌባው ሌባውን ነው የጠየቅከው።»

ልጅቷ ዱሮም እንዲህ ናት ትላለች እናቴ። ከዚያ አስተማረችን። የሰው ገንዘብ እንዲሰበስብ የተፈቀደለት ሁሉ ስሙ የሚሰፍርበት መዝገብ አለ። በየአገሩ ብሔራዊ ባንኩ ወይም የገበያ ተቆጣጣሪው ይይዘዋል። ብሪታንያ ኤፍ ሲ ኤ የሚባለው ተቆጣጣሪ መዝገቡን ለሁሉም ክፍት አድርጓል፤ ፈቃድ ሳይኖራቸው የሚሠሩትንም በማስጠንቀቂያ ዝርዝር ያወጣል። አሜሪካ ብሮከርቼክ የሚባል ነፃ መፈለጊያ አለ። አድራሻውን ራስህ ጽፈህ ትገባለህ። ስሙን ብታገኘው እንኳ አላለቀም፤ አጭበርባሪ የእውነተኛ ድርጅት ስም ይዋሳል። ስለዚህ የምትደውለው መዝገቡ ላይ ባለው ቁጥር ነው፤ እነሱ በሰጡህ አይደለም።

«ይሄ ሁሉ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» አልኳት።

«ዐሥር።»

እኔ መኪና የተደገፈ ልጅ ሦስት ወር አይቻለሁ።

ቀጥላ የምታምናቸውን ገጾች አሳየችኝ። ብሪታንያ ማኒሄልፐር የሚባል መንግሥት የቆመለት ገጽ አለ፤ አሜሪካ ደግሞ ኢንቬስተር ዶት ገቭ። ከፍቼ ሳይ ተበሳጨሁ። መኪና የለም። የሚቆጥር ሰዓት የለም። ማንም አይጮህም። ምስጢርም የላቸውም። አንዱ የወጪ መመዝገቢያ፣ ሌላው የወለድ ማስያ ይሰጥሃል፤ በነፃ። ከባድ ጥያቄ ላይ ስትደርስ «እንደ ሁኔታዎ ይለያያል» ይሉሃል። ከእነዚህ ሁሉ መካሪዎች መሃል «እርስዎ» ያሉኝ እነሱ ብቻ ናቸው፤ እንቅልፌን ያመጡትም እነሱ ብቻ ናቸው።

አክስቴ የዕዳዬን ወረቀት አስመጥታ ጀርባው ላይ 72 ጻፈች። ሉካ ፓቾሊ የሚባል ጣሊያናዊ የሂሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1494 የጠቀሰው ዘዴ ነው። 72ን ለወለዱ መጠን ስታካፍል ገንዘቡ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን በግምት ይነግርሃል። በዓመት 8 በመቶ የሚያድግ ቁጠባ በ9 ዓመት ይታጠፋል። በ24 በመቶ የተበደርከው ዕዳ ደግሞ ካልከፈልከው በ3 ዓመት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ዕዳዬ ግን ከቅርፊቱ ሳይወጣ ነው የሮጠው።

ከሥሩ ሌላ ሂሳብ ጨመረች። በዓመት 7 በመቶ የሚያድግ 100 በ30 ዓመት 761 ይሆናል። «አስተዳድርልሃለሁ» የሚል ሰው በየዓመቱ 1 በመቶ ብቻ ከወሰደና ዕድገቱ ወደ 6 በመቶ ከወረደ 574 ነው የሚደርስህ። አሁንም «ብቻ»። ይቺ ቃል መታሰር ነበረባት።

«አሁን ምን ላድርግ?» አልኳት።

«ያወጣኸውን ጻፍ።»

«ሌላስ?»

«መጀመሪያ እሱን ጻፍ።»

ቅር አለኝ። ለዚህ ነው እንዴ እዚህ ድረስ የመጣሁት? ቢያንስ አንድ ምስጢር አትነግረኝም? ግን ደብተር ገዛሁና አንድ ወር ሙሉ ጻፍኩ። የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ የልጆች ትምህርት፣ የስልክ። በወሩ መጨረሻ ደብተሩን በኩራት ለባለቤቴ ዘረጋሁላት። ጣቷን ከላይ ወደ ታች እየሳበች መጣች። መጨረሻው መስመር ላይ ቆመች። ከሁሉም የሚበልጠው ቁጥር እዚያ ነበር።

«ልዩ ልዩ ምንድን ነው?» አለችኝ።

መልስ ሳልፈልግ ስልኬ ጠራ። የእህቴ ባል ነው። ወደ ጓዳ ገባ ብዬ አነሳሁት።

«ጋሼ፣ አንድ ሌላ ነገር አግኝቻለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄኛው እንደዚያኛው አይደለም። ሰዎቹ ጥንቁቆች ናቸው። በቀን ግማሽ በመቶ ብቻ ነው የሚሰጡት።»

ግማሽ በመቶ። ከፖንዚ እንኳ ያንሳል እኮ፣ አልኩ በልቤ።